ደረትን ያዳመጠ ሐኪም፤ የሬኔ ላኤኔክ የሕይወት ታሪክ

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይህ አባባል በሽተኛ የሚሰማውን ሕመም ለሐኪም ከመንገር እንዳይቆጠብ የሚመክር ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሳይሸሽግ ገላው ራሱ የሚሸሽገው በሽታ አለ። ሳል የያዘው ሰው ስለ ሳሉ ይናገራል እንጂ በሳንባው ውስጥ ምን እንደ ተፈጠረ ሊናገር አይችልም። ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት የነበሩ ሐኪሞች ይህን የተሸሸገ ነገር ለማወቅ የነበራቸው መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። መንገዱን ካሰፉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኤኔክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላኤኔክ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1781 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ በሚባለው የባሕር ዳርቻ አውራጃ፣ ካምፔር በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ባለሙያ ሲሆን ግጥም መግጠም የሚወድ፣ ቤተ ሰቡን ግን በቅጡ ማስተዳደር ያልሆነለት ሰው ነበር። ልጁ ገና የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተች፤ ለሞት ያበቃትም የሳንባ ነቀርሳ እንደ ነበረ ይታመናል። አባትየው ልጆቹን ማሳደግ ስላልቻለ ላኤኔክና ታናሽ ወንድሙ በ1788 ዓ.ም. ናንት በተባለችው ከተማ ወደሚኖረው አጎታቸው ተላኩ። ይህ አጎት፣ ጊዮም ላኤኔክ፣ ሐኪምና የሕክምና መምህር ነበር። ልጁ የሕክምናን ሙያ ያየውና የወደደው በእርሱ ቤት ነው።

ሁለቱ ወንድማማቾች ወደ ናንት በሄዱ በዓመቱ፣ በ1789 ዓ.ም.፣ የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ። በ1793 ዓ.ም. ደግሞ በናንት አካባቢ የእርስ በርስ ጦርነት ተቀጣጠለ። ከአጎቱ ቤት በሚታየው አደባባይ ላይ ጊዮቲን የተባለው የፍርደኞች አንገት መቁረጫ ተተከለ። የከተማይቱ ሆስፒታሎች በቁስለኞችና በተስቦ በሽተኞች ተጨናነቁ። ላኤኔክ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1795 ዓ.ም.፣ በዝቅተኛ ማዕርግ የቀዶ ሕክምና ረዳት ሆኖ በአንድ ሆስፒታል ተመደበ። እኩዮቹ በትምህርትና በጨዋታ ላይ ሳሉ እርሱ ቁስል ያጥብና ያሥር ጀመር።

በዚያ ሆስፒታል የገባ ሰው አንድ ዓይነት በሽታ ብቻ አያይም። በአንዱ አልጋ ጥይት እግሩን የሰበረው ወታደር ይተኛል፤ ከጎኑ በትኩሳት የሚቃዥ ገበሬ ይኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ለወራት ሲያስል ቆይቶ ከሰውነት ውጭ የሆነ የእጅ ሥራ ሠራተኛ ይገኛል። ለአንደኛው የሚበጀው ለሁለተኛው አይበጅም። ወጣቱ ረዳት የሐኪም ሥራ ከመጽሐፍ ላይ የተማሩትን እንደ ወረደ መደጋገም እንዳልሆነ የተገነዘበው ገና በለጋ ዕድሜው ነው።

በ1801 ዓ.ም. ላኤኔክ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ፓሪስ ሄደ። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን፣ ጤናውም ደካማ ነበር። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዋሽንት መጫወት ይወድ ስለ ነበር ጆሮው ድምፅን ከድምፅ ለመለየት የሠለጠነ ነበር። በፓሪስ ሻሪቴ በተባለው ሆስፒታል ኮርቪዛር ከተባለው ታላቅ ሐኪም ዘንድ ተማረ። ኮርቪዛር ኋላ የንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሐኪም የሆነ ሰው ሲሆን፣ ተማሪዎቹን በአዳራሽ ሰብስቦ ከማስተማር ይልቅ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ አቁሞ ማስተማርን ይመርጥ ነበር።

ኮርቪዛር ለተማሪዎቹ ካስተማራቸው ዘዴዎች አንዱ ደረትን በጣት እየመቱ ድምፁን መስማት ነው። ይህን ዘዴ በ1761 ዓ.ም. በጽሑፍ ያወጣው አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነበር። ሙሉ ጋንና ባዶ ጋን በእጅ ሲመቱ ድምፃቸው እንደሚለያይ ሁሉ፣ አየር የሞላው ደረትና ውሃ የቋጠረ ደረትም ድምፃቸው የተለያየ ነው። የአውንብሩገር ጽሑፍ ለብዙ ዘመን ሰሚ ሳያገኝ ከቆየ በኋላ ኮርቪዛር በ1808 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይኛ ተርጉሞ አሳተመው። ላኤኔክም ከመምህሩ ይህን ጥበብ ቀሰመ። በትምህርቱም እጅግ የጎበዘ ስለ ነበር በ1803 ዓ.ም. በሕክምናም በቀዶ ሕክምናም የአንደኝነት ሽልማት አገኘ። በተከታዩም ዓመት በዶክተርነት ተመረቀ።

ይህን ያህል የተመሰገነ ሐኪም ቢሆንም ለብዙ ዓመታት የራሱ የሆነ የሆስፒታል ኃላፊነት አላገኘም። በፓሪስ ከተማ በግሉ እያከመ ይኖር ነበር። ከበሽተኞቹ መካከል የናፖሊዮን አጎት የሆኑት ካርዲናል ፌሽ ይገኙ ነበር፤ መክፈል የማይችሉ ድሆችም ከደጁ አይታጡም ነበር። በ1814 ዓ.ም. በናፖሊዮን ጦርነቶች መጨረሻ ላይ ፓሪስ በቁስለኛና በበሽተኛ ወታደሮች ተሞላች። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከብሪታኒ ገጠር የመጡ፣ ከአገራቸው ከብረቶንኛ በቀር ፈረንሳይኛን የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ። ሕመማቸውን ለሐኪም ማስረዳት ተስኗቸው በባዕድ ከተማ ይሞቱ ነበር። ላኤኔክ የአገሩ ልጆች በአንድ የሆስፒታል ክፍል እንዲሰበሰቡ አደረገና በቋንቋቸው እያነጋገረ አከማቸው። በሽተኛን የማዳመጥ ሥራ በጆሮ ብቻ ሳይሆን በቋንቋም ጭምር እንደሚፈጸም በዚህ አሳየ።

በነዚሁ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ወደ እርሱ እየቀረበ መጣ። ታናሽ ወንድሙ በ1810 ዓ.ም. በዚህ በሽታ ሞተ። ስለ ሳንባ ነቀርሳ አጥብቆ ይመራመር የነበረው የቅርብ ወዳጁ ዶክተር ቤይልም በ1816 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ አረፈ። ላኤኔክ እናቱን፣ ወንድሙንና ወዳጁን የነጠቀውን ጠላት መልኩን ለይቶ ለማወቅ ያለው ፍላጎት እየጨመረ ሄደ።

በ1816 ዓ.ም. ላኤኔክ በፓሪስ ኔከር በተባለው ሆስፒታል ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በየዕለቱ በሽተኞቹን ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረ ይጎበኝ ነበር። የዚያ ዘመን ሐኪም የሙቀት መለኪያን በየዕለት ሥራው አይጠቀምበትም፤ የራጅ መሣሪያም ገና አልተፈለሰፈም። ሐኪሙ የነበረው መሣሪያ ዓይኑ፣ እጁና ጆሮው ብቻ ነበር። የበሽተኛውን ፊት ያያል፤ የደም ሥሩን ይዳስሳል፤ አክታውንና ሽንቱን ይመለከታል፤ ደረቱን ይመታል፤ በመጨረሻም በሽተኛው የሚነግረውን ከሚያየው ጋር ያመዛዝናል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ሳል እያሳሉ በሽታቸው ፍጹም የተለያየ ሊሆን ይችላል። የአንዱ ሳል የሳንባ ምች፣ የሌላው የሳንባ ነቀርሳ፣ የሦስተኛው ደግሞ የልብ ድካም ያመጣው ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ነበረበት።

በዚያው ዓመት አንዲት የልብ ሕመም ምልክት የታየባት ወጣት ሴት ወደ ላኤኔክ መጣች። ሴትዮዋ ወፍራም ስለ ነበረች ደረቷን በእጅ መዳሰሱም ሆነ በጣት መምታቱ የረባ ነገር አልገለጠለትም። ጆሮን በቀጥታ በበሽተኛ ደረት ላይ አስጠግቶ የማዳመጥ ልማድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በወጣት ሴት ደረት ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር መስሎ ታየው። በዚህ ጊዜ አንድ የታወቀ ነገር ትዝ አለው፤ በረጅም እንጨት አንደኛው ጫፍ ላይ በመርፌ ቢጭሩ፣ በሌላው ጫፍ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ጭረቱን አጉልቶ ይሰማዋል። ላኤኔክ ወዲያውኑ ብዙ ወረቀት አንሥቶ አጥብቆ ጠቀለለ፤ የጥቅሉን አንድ ጫፍ በሴትዮዋ ደረት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጆሮው ላይ አደረገ። የልቧን ምት ጆሮውን በቀጥታ ቢያስጠጋ ከሚሰማው ይበልጥ ጥርት ብሎ ሰማው።

ከዚያ ቀን በኋላ የወረቀቱን ጥቅል በእንጨት ለወጠው። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ድብልብል እንጨት በቶርኖ እየቀረጸ ራሱ ይሠራ ጀመር። መሣሪያውንም ደረትንና መመልከትን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት አገጣጥሞ ስቴቶስኮፕ ብሎ ሰየመው። ደረትን ማየት እንደ ማለት ነው። መሣሪያው ግን የሚያገለግለው ለመስማት ነበር፤ ላኤኔክ በጆሮ አማካይነት የደረትን ውስጥ ማየት ይቻላል ብሎ ያምን ነበርና።

ብዙ ሰዎች የላኤኔክ ሥራ ይህን የእንጨት ቱቦ መፈልሰፉ ብቻ ይመስላቸዋል። ዋናው ድካም የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ቱቦው ድምፅ ያሰማል እንጂ ድምፁ ምን ማለት እንደ ሆነ አይናገርም። ላኤኔክ ለሦስት ዓመት ያህል ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረ የበሽተኞቹን ደረት ከፊትም ከኋላም አዳመጠ። የሰማውን ሁሉ በጽሑፍ ያሰፍር ነበር። ከበሽተኞቹ አንዱ የሞተ እንደ ሆነ አስከሬኑን ከፍቶ ይመረምርና በሕይወት ሳለ የሰማውን ድምፅ በሳንባው ላይ ከሚያየው ጉዳት ጋር ያስተያያል። ግምቱ ልክ ሆኖ ካገኘው ያጸናዋል፤ ተሳስቶ ከተገኘም ስሕተቱን ይመዘግባል።

የሰማቸውን ድምፆች ለሌሎች ሐኪሞች ለማስረዳት ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያውቃቸው ድምፆች መሰላቸው። በሳንባ ምች መጀመሪያ ላይ የሚሰማውን ድምፅ ጨው በጋለ ዕቃ ላይ ሲንጣጣ ከሚያሰማው ድምፅ ጋር አነጻጸረው። ትልልቆቹ የአየር ቧንቧዎች ሲጠቡ የሚሰማውን የርግብ ጉርምርምታ ይመስላል አለ። በሳንባ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሰው ሲናገር ድምፁ በቱቦው ውስጥ እንደ ፍየል ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይሰማል። የሳንባ ነቀርሳ ሳንባውን በልቶ ጉድጓድ የፈጠረበት ሰው ሲናገር ደግሞ ድምፁ ከአፉ ሳይሆን ከደረቱ የወጣ ያህል በቀጥታ ወደ ሐኪሙ ጆሮ ይገባል። ይህ የመጨረሻው ምልክት በሽታው ሥር መስደዱን የሚያመለክት ስለ ነበር ላኤኔክ በሰማው ቁጥር በሽተኛው የመዳን ተስፋው የመነመነ መሆኑን ይረዳ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ ድምፅ ለአንድ በሽታ እንደሚባለው ቀላል አልነበረም። ድምፅ ከደረት በቀጥታ መውጣቱ የነቀርሳን ጉድጓድ ቢያመለክትም፣ የአየር ቧንቧዎቹ ከልክ በላይ የሰፉበት ሰውም ተመሳሳይ ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ስለዚህ ላኤኔክ አንድን ምልክት ብቻ ይዞ አይፈርድም ነበር። በቱቦው የሰማውን በጣት መትቶ ከሚያገኘው፣ በዓይኑ ከሚያየውና በሽተኛው ከሚናገረው ታሪክ ጋር አገናዝቦ ብቻ ይወስን ነበር። ምርመራው በደረት ላይም አልተወሰነም። ጉበት ሲጠጥርና ሲጨማደድ የሚታየውን በሽታ ከቀለሙ ተነሥቶ ሲሮሲስ ብሎ የሰየመው እርሱ ነው፤ ይህ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

በ1819 ዓ.ም. ላኤኔክ የምርመራውን ውጤት በሁለት ቅጽ አሳተመ። ሥራው ግን ጤናውን ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ከመጽሐፉ መታተም በኋላ ፓሪስን ለቆ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ ብሪታኒ ተመለሰና በእርሻው ላይ እየሠራ አረፈ። ጥቂት ሲሻለው በ1821 ዓ.ም. እንደገና ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1822 ዓ.ም. በኮሌዥ ደ ፍራንስ መምህር ሆነ፤ በ1823 ዓ.ም. ደግሞ በተማሪነቱ ዘመን ከኮርቪዛር ዘንድ በተማረበት በሻሪቴ ሆስፒታል የሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ማስተማር ጀመረ። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ወጣት ሐኪሞች በዙሪያው ተሰበሰቡ፤ ፈረንሳይኛ ለማይችሉትም በላቲን ቋንቋ ያስረዳቸው ነበር።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ሐኪሞች መካከል ታላቅ ክርክር ነበር። ብሩሴ የተባለው ዝነኛ ሐኪም በሽታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ከጨጓራና ከአንጀት መቆጣት ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ስለዚህም የሁሉም ሕክምና አልቅት አጣብቆ ደም ማስመጠጥና ምግብ መከልከል ነበር። ይህ ትምህርት ቀላልና የማያሻማ በመሆኑ ብዙ ተከታዮች አገኘ። ላኤኔክ ግን ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በሽታ አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው፤ አንዱን ከሌላው ለመለየትም እያንዳንዱን በሽተኛ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል የሚል እምነት ነበረው። በዚህም ምክንያት ጠላቶች አፈራ፤ በእንጨት ቱቦው የሚሳለቁም አልጠፉም።

ላኤኔክም ቢሆን በሁሉ ነገር ትክክል አልነበረም። ከሁለቱ የልብ ድምፆች የሁለተኛውን ምንጭ በተሳሳተ መንገድ አስረድቷል። የሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ መሆኑንም አልተቀበለም፤ እንዲያውም ጽኑ ሐዘን ለበሽታው መነሻ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስብ ነበር። በወጣትነቱ በነቀርሳ የተጎዳ የአከርካሪ አጥንት ሲመረምር መጋዙ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት ጭሮት በዚያው ቦታ ላይ ትንሽ እብጠት ወጥቶበት ነበር። ይህንንም በመጽሐፉ ውስጥ ገልጾታል። በሽታው ተላላፊ ስለ መሆኑ ማስረጃው በገዛ ጣቱ ላይ እያለ ትርጉሙን ሳያስተውል ቀረ።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር ነበር። ላኤኔክ በሽታን ለይቶ ለማወቅ እንጂ ለማዳን የሚያስችል ጥበብ በእጁ አልነበረውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ገና አልተገኘም ነበር። የባሕር አየር ለበሽተኞቹ ይበጃል ብሎ ስላሰበ ከብሪታኒ ባሕር ዳርቻ የመጣ የባሕር ሣር በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ እንዲደረግ እስከ ማዘዝ ደርሷል፤ ግን የተጠበቀው ፈውስ አልተገኘም። በየማለዳው የሞትን ድምፅ ከሰው ደረት ውስጥ ለይቶ እየሰማ፣ በሽተኛውን ለማዳን አለመቻል ለአንድ ሐኪም ቀላል ሸክም አይደለም። ቢሆንም ሥራውን አላቋረጠም። በሽታን በትክክል የማያውቅ ትውልድ መድኃኒቱን ሊያገኝ አይችልምና።

በ1826 ዓ.ም. የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም አሻሽሎ ለማጠናቀቅ ሲደክም ጤናው ፈጽሞ ተናጋ። ትኩሳትና ሳል ያዘው፤ ሰውነቱም መነመነ። የወንድም ያህል የሚያየው የአጎቱ ልጅ ዶክተር ሜሪያዴክ ላኤኔክ አጠገቡ ነበር። ላኤኔክ ደረቱን በስቴቶስኮፑ እንዲያዳምጥና የሚሰማውን እንዲነግረው እንደ ጠየቀው ይተረካል። ሜሪያዴክ የሰማውን ሲገልጽለት ላኤኔክ ድምፁን ወዲያው ዐወቀው፤ በብዙ መቶ በሽተኞች ደረት ውስጥ ሲሰማው የኖረው ያው የሳንባ ነቀርሳ ድምፅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ከሁለት ዓመት በፊት ካገባት ባለቤቱ ጋር ወደ ብሪታኒ ተመለሰ። ኦገስት 13 ቀን 1826 ዓ.ም. በ45 ዓመት ዕድሜው በዚያው ዐረፈ። በመጨረሻው ሰዓት ቀለበቶቹን ከጣቶቹ ላይ ራሱ እንዳወለቀ፣ ይህንንም ያደረገው ሌላ ሰው ያን አሳዛኝ ሥራ እንዳይሠራ አስቦ እንደ ሆነ ይነገራል። በኑዛዜውም ስቴቶስኮፑን ለሜሪያዴክ አወረሰ፤ ከሚተውለት ሀብት ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ መሆኑን አመለከተ።

የላኤኔክ ልፋት ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። መጽሐፉ በ1821 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በሰፊው ተሠራጨ። በ1850ዎቹ መጀመሪያ በሁለት ጆሮ የሚሰማበት ማዳመጫ ተሠራ። ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ በ1882 ዓ.ም. የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ አገኘ፤ በሽታው ተላላፊ መሆኑም ያለ ጥርጥር ተረጋገጠ። ከ1940ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሽታውን የሚያድኑ መድኃኒቶች ተገኙ። የሳንባ ነቀርሳ ከምድረ ገጽ ባይጠፋም፣ ዛሬ በጊዜ የታወቀለትና መድኃኒቱን በሥርዓት የጨረሰ ብዙው በሽተኛ ይድናል። ለላኤኔክ እናት፣ ለወንድሙ፣ ለወዳጁና ለራሱ ለላኤኔክ ይህ ዕድል አልነበረም።

ዛሬ በከተማ ሆስፒታልም ሆነ በገጠር ጤና ጣቢያ፣ ማዳመጫውን በአንገቱ ያንጠለጠለ ባለሙያ ማየት የተለመደ ነው። ያ ባለሙያ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያስል ሕፃን፣ ልቧ የደከመ አሮጊት፣ ትኩሳት የያዘው የቀን ሠራተኛ ይቀርቡለታል። ሁሉንም በአንድ ዓይን አይቶ፣ ሁሉንም በአንድ መድኃኒት ቢሸኛቸው ሥራው በፈጠነለት ነበር። እርሱ ግን የእያንዳንዱን ደረት ከፊትም ከኋላም ያዳምጣል፤ ይጠይቃል፤ ያገናዝባል። ላኤኔክ ለሙያው ልጆች ያወረሰው ይህን ትዕግሥት ጭምር ነው።